ከረጢት የለበሰ ፍሬ መሀል አዲስ አበባ ስታገኙ፦ እንዴት ትለዩታላችሁ?

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ሣሩ መጠውለግ ይጀምራል። በየአጥሩ ጥግና በየወንዙ ዳር ያሉት እነዚህ ተክሎች ፊት የሚወጡት ያኔ ነው። ፍሬያቸው ራቁቱን አይታይም። በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል። ከረጢቱ ለጋ ሲሆን አረንጓዴ ነው። ሲደርቅ ይገረጣል፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። የሚያየው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይበላል ወይ?

መልሱን ከረጢቱ አይነግራችሁም። ከተማችን መሀል እንዲህ ለብሰው የሚያፈሩ ተክሎች ከአንድ በላይ ናቸው። አንዱ ጣፋጭ ነው፣ ሱፐርማርኬት ሳይቀር ይሸጣል። ሌላው ሥሩ ለባህል መድኃኒት ይፈለጋል እንጂ ፍሬው የሚበላ አይደለም። የልብ ምት የሚያዛባ መርዝ የያዘም አለ። ስለዚህ ከረጢቱን እንዳያችሁ እጃችሁን አትዘርጉ። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ያዙ።

የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር፦ ከፍሬው ይልቅ አበባውን እመኑ። ለጋ ከረጢት ሁሉ ይመሳሰላል። ቀለሙም ዛሬና የዛሬ ሳምንት አንድ አይደለም። አበባው ግን አንዴ ካያችሁት አያምታታም።

መቼና የት?

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ ተክል ላይ አበባም፣ ለጋ ፍሬም፣ የበሰለ ፍሬም አብረው ይገኛሉ። ሦስቱን ባንድ ላይ ማየት ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል። ዝናብ የማያቋርጥበት ነሐሴ ላይ ብትወጡ ጭቃ ከመርገጥ በቀር ብዙ አታተርፉም።

ሰዓትም አለው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ። ከእነዚህ ተክሎች መካከል አበባቸውን በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚከፍቱ አሉ። ሥራ ውላችሁ አመሻሽ ላይ ከሄዳችሁ የተጠቀለለ አበባ ነው የሚጠብቃችሁ።

ቦታውን በተመለከተ፣ እነዚህ ተክሎች የተገለበጠ አፈር ይወዳሉ። ቤት ፈርሶ ግንባታ ያልተጀመረበት ቦታ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ የተተወ መሬት፣ የቀበናና የግንፍሌ ወንዝ ዳር፣ የጃን ሜዳ ዳር ዳሩ፣ የቆየ ግቢ አጥር ሥር። በደንብ የታጨደና ውኃ የሚጠጣ የመናፈሻ ሣር ላይ አትልፉ፤ እዚያ አትክልተኛው ቀድሟችሁ ነቅሎታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። አራት ኪሎ፣ በቤተ መንግሥቱና በፓርላማው ዙሪያ ስልክ አውጥቶ አጥር ሥር ማጎንበስ ጣጣ ያመጣል። "አረም ነው የማነሳው" ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ሌላ ቦታም ቢሆን ዘበኛ ካለ መጀመሪያ ሰላምታ ይቅደም። "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይቺን ተክል ፎቶ ባነሳት ችግር አለው?" ማለት ይበቃል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጋሼ ራሳቸው ስለ ተክሏ ከእናንተ የተሻለ ያውቃሉ። ገጠር ያደገ ሰው ግዛዋንና አስተናግርን ከሩቁ ይለያል።

ስልክ፣ ማስመሪያ ወይም የ1 ብር ሳንቲም (መጠኑን ለማሳየት)፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ጓንት ወይም ፌስታል፣ እጅ መታጠቢያ ውኃ ያዙ። ማጉያ መነፅር ካላችሁ እሰየው።

አንደኛ፦ ሳትቀጥፉ ሙሉውን ተክል እዩ

ሰው ሁሉ ቀጥታ ወደ ፍሬው ይሄዳል። እናንተ ከሥሩ ጀምሩ። ግንዱ ለስላሳ ነው ወይስ እንጨት የሆነ? ቁመቱ እስከ ጉልበት ነው ወይስ እስከ ደረት? ቅጠሉን በጣት ዳሰስ አድርጉት። ፀጉር አለው? ፀጉሩ ለስላሳ ነው? ወይስ ቅጠሉ ልሙጥ ነው?

ቀጥሎ ጓንት አድርጋችሁ አንድ ቅጠል በጥሱ። ከቁስሉ ነጭ ወተት ከፈሰሰ ነገሩ አለቀ። ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ አያስፈልግም። ምናልባት ጎምፎካርፐስ የሚባለውን ተክል ነው ያገኛችሁት። ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም ነው። ፍሬው የተነፋ ነው፣ ላዩ ላይ ለስላሳ እሾህ የመሰለ ነገር አለው። ሲደርቅ ይፈነዳና ሐር የመሰለ ነጭ ጭራ ያላቸው ዘሮች በነፋስ ይበተናሉ። ለልጆች እጅግ ያጓጓል። ነገር ግን ወተቱም ፍሬውም የልብ ምት የሚያዛባ መርዝ አላቸው። ወተቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ። በነገራችን ላይ፣ ብርቱካንማ ክንፍ ያላት፣ ዳሩ ጥቁር የሆነ ቢራቢሮ እላዩ ላይ ስታንዣብብ ብታዩ አትገረሙ። አባጨጓሬዋ ይህንኑ መርዛም ቅጠል በልታ ነው የምታድገው። መርዙ በገላዋ ስለሚቀር ወፎች ይተዋታል።

ወተት ከሌለው ቀጥሉ።

ሁለተኛ፦ ከረጢቱ እንዴት እንደተሰፋ ተመልከቱ

ከአበባው ቀጥሎ ትልቁ መለያ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። ከረጢቱ ሌላ ነገር አይደለም። አበባው እምቡጥ ሳለ አቅፎት የነበረው አረንጓዴ ሽፋን ነው። አበባው ሲረግፍ ሽፋኑ አይረግፍም፤ እየሰፋ ሄዶ ፍሬውን ይሸፍነዋል። ሽፋኑ ከ5 ቁራጭ የተሠራ ነው። ጥያቄው እነዚያ 5 ቁራጮች ተጣብቀዋል ወይስ ተለያይተዋል የሚለው ነው።

ከረጢቱን ከታች በኩል ያዙና ዙሪያውን አዙሩት። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ፣ እንደ ፋኖስ ተዘግቶ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ትንንሽ ጥርሶች ካሉት ፊሳሊስ፣ ማለትም ያ ጣፋጩ፣ ሊሆን ይችላል። 5ቱ ቁራጮች እስከ ግርጌያቸው ድረስ ተለያይተው፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተደጋግፈው ብቻ የቆሙ ከሆነ ግን ፊሳሊስ አይደለም። በጥፍር ብትገፏቸው አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ይህ ኒካንድራ የሚባለው፣ የማይበላው መሳዩ ነው።

ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ እንኳ መሀል አዲስ አበባ ላይ ከሚፈጠረው መምታታት ትልቁን ድርሻ ታስወግዳላችሁ።

ሦስተኛ፦ አበባውን ፈልጉ

ቅርንጫፉን ወደ ጫፉ ተከተሉት። አዲሱ አበባ ሁልጊዜ ከፍሬው በላይ፣ ወደ ጫፉ ነው የሚገኘው።

ቢጫ፣ ወደ መሬት ያቀረቀረ፣ ውስጡ 5 ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ያለው ከሆነ፣ ፊሳሊስ ፔሩቪያና ነው። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሆኖ መሀሉ ነጭ፣ አፉ ሰፊ ከሆነ፣ ኒካንድራ ነው። በጣም ትንሽ፣ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቢጫ፣ ከቅጠሉ ብብት ሥር በዘለላ የተሰበሰበ ከሆነ፣ ግዛዋ ነው። ነጣ ያለ ክሬም ሆኖ መሀሉ ጥቁር ሐምራዊ ከሆነ ደግሞ የሂቢስከስ ወገን ነው፤ ሂቢስከስ ትራዮነም ይባላል። ከረጢቱ ላይ ሐምራዊ መስመሮችና ፀጉር አሉበት፣ ውስጡ ደግሞ ደረቅ ሙዳይ እንጂ እርጥብ ፍሬ የለም። የሚበላ ነገር ስለሌለው ብዙ አያነጋግርም። እሱም ጠዋት ተከፍቶ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚታየው።

አበባ ከሌለስ? ሌላ ተክል ፈልጉ። እዚያው አካባቢ ወንድሙ አይጠፋም። ከጠፋም ሌላ ቀን ተመለሱ። አበባውን ሳያዩ መፍረድ ቁማር ነው።

አራተኛ፦ አሁን ከረጢቱን ክፈቱ

ፍሬው እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ቀለሙ ምንድን ነው? ከረጢቱን ሞልቶታል ወይስ ክፍተት አለው? በአግድም ቆርጣችሁ ዘሩን እዩ። ፊሳሊስ፣ ኒካንድራና ግዛዋ ሦስቱም የቲማቲም፣ የድንችና የበርበሬ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ውስጣቸው በጠፍጣፋ ትንንሽ ዘር የተሞላ መሆኑ ብቻውን ምንም አይለይላችሁም። ፍሬው የት ተጣብቆ ቆመ፣ ምን ያህል ነው፣ ምን ዓይነት ቀለም አለው የሚለው ነው ዋናው።

እንግዲህ አንድ በአንድ

*ፊሳሊስ ፔሩቪያና።* አንዳንዱ ሰው የፈረንጅ አውጥ ይለዋል። ሱፐርማርኬት ከነከረጢቱ በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ይሸጣል፤ ኬክ ላይም ጣል ይደረጋል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራራ ነው። ለዚህም ይመስለኛል አዲስ አበባ የሚስማማው። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ብርድ ለእሱ እንግዳ አይደለም። በ1800ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢ ይለማ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስምም ከዚያ የመጣ ነው።

ሙሉው ተክል በለስላሳ ፀጉር የተሸፈነ ነው። ቅጠሉን ስትዳስሱት ከፋይ ይመስላችኋል። የቅጠሉ ቅርጽ የልብ ነው። ከእያንዳንዱ የቅጠል ብብት አንድ አበባ፣ ኋላም አንድ ፍሬ ብቻ ይወጣል። ይህን በደንብ ያዙት፤ ዘለላ ካያችሁ ፊሳሊስ አይደለም። ከረጢቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ 10 የጎላ መስመር አለው። ፍሬው 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከረጢቱን አይሞላውም፤ ውስጡ ክፍት ቦታ ይተርፋል። ሲበስል ወርቃማ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ይሆናል፣ ላዩም ትንሽ ይጣበቃል።

መብሰሉን የሚነግራችሁ ከረጢቱ ነው። አረንጓዴ ከሆነ አትንኩት። ገርጥቶ የደረቀ ሣር ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ከዚያ ራሱ ይወድቃል። ስለዚህ ዛፍ የሚነቀንቅ ሰው ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ከሥር የሚለቅም ሰው ነው ጥሩውን የሚያገኘው። አረንጓዴው ፍሬ፣ ቅጠሉና ግንዱ ግን ይመርዛሉ፤ ሆድ ያውካሉ፣ ያስመልሳሉ። ብዙ ሰው "የሚበላ ተክል ነው" ሲባል ሁሉ ነገሩ የሚበላ ይመስለዋል። ድንችም ቢሆን ከመሬት ሥር ያለው እንጂ አበባው የሚያፈራውን ፍሬ ማን ይበላል?

ሜክሲኮዎች ለወጣቸው የሚጠቀሙበት ቶማቲዮ የሚባል ዘመድ አለው። የእሱ ፍሬ ከረጢቱን ሞልቶ እስኪቀድደው ያድጋል፤ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚበላው። ቪዲዮ ላይ አይታችሁ "አረንጓዴውም ይበላል ማለት ነው" ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ተክሉ ሌላ ነው። የአውሮፓና የእስያ ጓሮ ላይ የሚታየው ደማቅ ቀይ ከረጢት ያለውም ሌላ ነው።

*ኒካንድራ።* ዋናው አሳሳች ይህ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ተክል ለዪ መተግበሪያ ሳይቀር ከሩቅ በተነሳ ፎቶ "ፊሳሊስ" ሊላችሁ ይችላል። እሱም የደቡብ አሜሪካ ልጅ ነው፤ አሁን ግን ደጋችን ላይ የለመደ አረም ሆኗል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ያልፋል። ግንዱ ማዕዘን አለው፣ ልሙጥ ነው። ቅጠሉም ፀጉር የለውም ማለት ይቻላል፤ ጠርዙ በትላልቅ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። አበባው እንደነገርኳችሁ ሰማያዊ ነው፣ እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ይከፈታል። የከረጢቱ 5 ቁራጮች ጠርዛቸው ወደ ውጭ ክንፍ አውጥቶ ይቆማል። ግርጌያቸው ደግሞ ሾጣጣ ጆሮ አለው። ውስጡ ያለው ፍሬ ሲበስል ቡናማና ደረቅ ይሆናል። ጭማቂ የለውም፣ በዘር የታጨቀ ነው።

አይበላም። ቅጠሉ ውስጥ ነፍሳትን የሚያባርር ንጥረ ነገር ስላለ በሌላው ዓለም ዝንብ ለመከላከል ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ውበቱ ግን አይካድም፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ ማሰሮ ውስጥ ማቆም ለሚወድ ሰው ከረጢቱ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

*ግዛዋ።* ይህኛው እንግዳ አይደለም። በሳይንሳዊ ስሙ ዊታኒያ ሶምኒፌራ ይባላል። ሕንዶች አሽዋጋንዳ ብለው ሥሩን በዓለም ዙሪያ የሚሸጡት እሱን ነው። እኛም ጋ ሥሩ ለባህል ሕክምና፣ ጭሱም ለቡዳና ለመሳሰለው ሲፈለግ የኖረ ነው። እንደ አረም ለስላሳ ሳይሆን እንጨት የሚሆን ቁጥቋጦ ነው። መላ አካሉ ግራጫማ ፀጉር አለው፤ ከሩቅ አቧራ የጠጣ ይመስላል። ከረጢቱ ትንሽ ነው፣ 1 ሴንቲሜትር አለፍ ቢል ነው። በዘለላ ነው የሚቀመጠው። ውስጡ የሚያብረቀርቅ ቀይ ፍሬ አለ፣ ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ።

ቀይ ስለሆነ ያጓጓል። አትብሉት። ሥሩን ቆፍራችሁ ቤት ውስጥ መድኃኒት ለመቀመምም አትሞክሩ። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ጨርሶ አይታሰብም። ደግሞ ሥሩ ከተነቀለ ተክሉ አለቀ። መሀል ከተማ የቀረው ጥቂቱ ቢቆይ ምን አለበት?

*አስተናግር።* አጤ ፋሪስም ይሉታል። ከረጢት የለውም፤ እዚህ ያስገባሁት ጎረቤት ስለሆነ ነው። ቆሻሻ በሚደፋበት ቦታ ከኒካንድራ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይበቅላል። ሁለቱም ለጋ ሳሉ ባለ ጥርስ ቅጠላቸው ይመሳሰላል። የአስተናግርን ቅጠል ስታሹት ይከረፋል። አበባው ረጅም ነጭ ጥሩምባ ነው። ፍሬው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እሾህ የለበሰ ሙዳይ ሲሆን ሲደርቅ ወደ 4 ይሰነጠቃል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉበት፤ ሰው ሊገድል ይችላል።

የቀመሰ ሰው አፉ ይደርቃል። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። ልቡ ይመታል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ይቀባጥራል። ወተት እናጠጣው፣ እናስመልሰው እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወይም በቅርብ ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ ሆስፒታል ድረሱ። ተክሉን ከነፍሬው በፌስታል ያዙ፤ ሐኪሙ ማየቱ ይጠቅማል።

ተራው አውጥ ራሱ ከረጢት የለውም። ጥቁር ትንንሽ ፍሬው ተገልጦ ነው የሚታየው። ከረጢት ከለበሱት ከአምስቱ ጋር ስለማይምታታ አልፈዋለሁ።

ስለ መብላት ግልጽ እንነጋገር

ፊሳሊስ መሆኑን አረጋገጣችሁ እንበል። ፀጉራም ቅጠል፣ ቢጫ አበባ ከ5 ነጠብጣብ ጋር፣ ወጥ ከረጢት፣ አንድ አንድ ፍሬ፣ ወርቃማ ቀለም። ሁሉም ተሟልቷል። አሁንም የት ነው የበቀለው የሚለው ጥያቄ አለ። የመሀል አዲስ አበባ ወንዞች ፍሳሽ የሚለቀቅባቸው ናቸው። የመንገድ ዳር አፈር የመኪና ጭስ ሲጠጣ የኖረ ነው። አጥር ሥር ደግሞ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከወንዝ ዳርና ከመንገድ ዳር የለቀማችሁትን አትብሉ። ማጠብ ከላይ ያለውን እንጂ ከአፈር ወደ ውስጥ የገባውን አያወጣም።

የራሳችሁ ወይም የዘመድ ግቢ ውስጥ የበቀለ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እሱንም መጀመሪያ አንድ ፍሬ ብቻ ቅመሱ። ጣፋጭና ኮምጣጣ ከሆነ ትክክል ነው። ከመረረ ትፉት።

አምስተኛ፦ ፎቶና ናሙና

ጥርጣሬ ከቀረ ባለሙያ ጠይቁ። ለዚያ ደግሞ አንድ የደበዘዘ ፎቶ አይበቃም። ሙሉውን ተክል፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ የአበባውን ውስጥ፣ የተዘጋውን ከረጢትና የተከፈተውን ከረጢት ከነፍሬው ለየብቻ አንሱ። አጠገቡ ሳንቲሙን አስቀምጡ። መተግበሪያው በእነዚህ ፎቶዎች ሲጠየቅ መልሱ ይሻሻላል። ቢሆንም የእሱን ቃል ለመብላት ፈቃድ አታድርጉት።

ናሙና ለመያዝ አበባም ፍሬም ያለበትን አንድ ቅርንጫፍ ቁረጡ። ጋዜጣ መሀል ዘርጉት፣ አንዱን ቅጠል ጀርባው እንዲታይ ገልብጡት። ላዩ ላይ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፤ አለበለዚያ ይሻግታል። ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቁመቱን በተለይም የአበባውን ቀለም ጻፉ። ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ ሰማያዊ ይሁን ቢጫ ኋላ የሚያስታውስ የለም።

ብሔራዊ ሄርባሪየም እዚሁ አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ነው። ከመላ አገሪቱ የተሰበሰቡ የደረቁ ተክሎች በወግ ተደርድረው የሚቀመጡበት ቦታ ነው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ፣ ናሙናችሁን በካርቶን መሀል አድርጋችሁ ሂዱ።

ዘሩን ብትዘሩትስ?

ጣዕሙን ለምትፈልጉ፣ ንጹሑ መንገድ ይህ ይመስለኛል። ከሱፐርማርኬት ከገዛችሁት የበሰለ ፊሳሊስ አንዱን ውኃ ውስጥ ጨፍልቁ። ዘሩ ሥር ይሰምጣል። አጥልሉት፣ ወረቀት ላይ አድርቁት። በላላ አፈር ላይ በትኑና ስስ አፈር አልብሱት። አንዷ ፍሬ ከመቶ በላይ ዘር ስላላት ሁሉንም አትዝሩ፤ ለጎረቤት ስጡ። ችግኙ እጅ ሲሞላ ለየብቻ ወደ ባልዲ አዛውሩ፤ ባልዲው ሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። በረንዳ ላይ ይሆናል፣ ፀሐይ ግን ይፈልጋል። ፍግ አታብዙበት፤ ከጠገበ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚጎዳው ማታ ማታ ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ፍሬው ሲደርስ ከነከረጢቱ አንሱት። ከረጢቱን ካልገፈፋችሁት ደረቅ ቦታ ላይ ለሳምንታት ይቆያል።